እስከ ሠላሳ

ታኅሣሥ 3

ለላስቲክ፣

እንደምን ከርመሻል? ሠላሳ ሁለት ዓመት "ከርመሻል" ከተባለለት ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር።

አድራሻሽን የሰጠችኝ የጂምናስቲክ ክለባችን ጸሐፊ ናት። የጥሪ ካርድ ስታዘጋጅ ከስምሽ ጎን "ፊዚዮቴራፒስት" ተብሎ የተጻፈውን አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ያቺ ላስቲክ ብዬ ስም ያወጣሁላት፣ በዘጠኝ ዓመቷ እግሯን ዘርግታ ወለል የምትስም ልጅ ዛሬ የሰው እግር እየዘረጋች ትኖራለች አልኩ። ስልክ እንዳልደውልልሽ ጆሮዬን ፊሽካው በልቶታል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ ታገሺኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ወር ሆነው፤ ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ አልሄድም ብሏል። ሸሚዝ የምለብሰው በአጥር ቀዳዳ እንደሚሾልክ ሌባ እየተጠማዘዝኩ ነው። የማበጥረው በግራ ነው። ሐኪሙ "የደረቀ ትከሻ ነው፤ የመገጣጠሚያው ከረጢት ተኮማትሯል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሊፈጅ ይችላል፤ በትዕግሥት ይፍታታል" አለኝ። እኔ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ የለኝም። መጋቢት 21 ክለቡ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል፤ አዳራሹም በእኔ ስም ይሰየማል። ሁለት መቶ የቀድሞ ልጆቼ ወለሉ ላይ ይሰለፋሉ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ ሁለቱን እጆቼን ጆሮዬን እያስነካሁ ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ፤ እነሱም ያነሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልምምድ የተከፈተው በዚህ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እስቲ አሁን እጄን ግማሽ ድረስ ባነሳ ምን ይሉኛል? ታክሲ የሚጠራ ሽማግሌ!

እዚህ ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ እንደ እንቁላል ነው የምትይዘኝ። "አመመዎት እንዴ አባባ?" ትለኛለች። አመመኝ እንጂ! ካላመመማ ምን ተሠራ? ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ጻፊልኝ። የእጄ ሥራ ነሽ፤ አታሳፍሪኝም።

አሠልጣኝሽ


ታኅሣሥ 19

ለጋሼ አሠልጣኝ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው ልል ነበር፤ ግን አይደለም። ፖስታው ላይ ጽሕፈትዎን ሳይ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ዘጠኝ ቀን ቆየ።

የምሠራው ከጫማ መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት አልጋ፣ አንድ ትልቅ መስተዋትና ግድግዳ ላይ የተመታ፣ እጅ በገመድ የሚሳብበት መዘውር አለኝ። እንደ እርስዎ ያለ ትከሻ በወር ሦስት አራት ይመጣልኛል። ሐኪሙ ልክ ነው፤ ይፍታታል። የሚፍታታው ግን በራሱ ፍጥነት ነው።

በመጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ ትከሻዎን በሙቅ ውሃ ያሙቁ። ቀጥሎ ግራ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ጎንበስ ይበሉና ቀኙን ዝም ብለው ያንጠልጥሉት፤ ባዶ ባልዲ የያዙ ይመስል በትንሹ ክብ እየሠሩ ያወዛውዙት። ከዚያ ወደ ግድግዳ ዞረው ይቁሙና ጣቶችዎን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ያራምዱ። የደረሱበት ላይ ሠላሳ ሰከንድ ቆይተው ይውረዱ። ሠላሳውን በግድግዳ ሰዓት ይቁጠሩ እንጂ በእርስዎ ቆጠራ አይሁን። የእርስዎ ሠላሳ ምን ያህል እንደሚረዝም አልረሳሁም።

መወጠር ይሰማዎት፤ ሕመም ግን አይሁን። ከጨረሱ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠዘጠዘዎት አብዝተዋል ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከወለሉ ለክተው ይጻፉልኝ።

ክፍያ አልፈልግም። በተለየ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጽፌያለሁ። መልሱ ይበቃኛል።


ጥር 4

ላስቲክ፣

ይኸው ልኬቱ። የመጀመሪያው ቅዳሜ 131 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 137። ግራ እጄ 211 ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ 211 ላይ ቀይ መስመር አስምሬያለሁ። ግድግዳዬ የልብስ ሰፊ ግድግዳ መስሏል። ከመስኮቴ ማዶ የአውቶቡስ ማደሪያ አለ፤ ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ እጄን ሳወዛውዝ እያዩኝ፣ "ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?" እያሉ ይቀልዱብኛል።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ያን ረቡዕ የሆነውን ያኔውኑ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ከአዳራሹ ደረጃ ወደቅሽ፤ ዳሌሽን መታሽ። ይኸው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለፈውን ነገር አሁን ቆፍረሽ ምን ልታወጪ ነው? ከዚያ በኋላም ልምምዱን የተውሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሰነፈች አላልኩም፤ ሌሎቹ ግን ብለዋል። ያን ዓመት ዋንጫው በስንት ነጥብ እንዳመለጠን ታስታውሻለሽ? በአንድ ነጥብ ተኩል። ያቺ ነጥብ ተኩል አንቺ ነበርሽ።

ይልቅ ስለ ራስሽ ጻፊልኝ እንጂ። አገባሽ? ወለድሽ? አሁንም እግርሽን ዘርግተሽ ወለሉን ትነኪያለሽ?

አሠልጣኝሽ


ጥር 18

ለጋሼ አሠልጣኝ፣

ስለ እግሬ ለጠየቁኝ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የግራ ዳሌዬ መገጣጠሚያ ወጥቶ ብረት ተተክቶልኛል። ሐኪሙ ራጁን አይቶ "በልጅነትሽ መኪና ገጭቶሽ ነበር?" አለኝ። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካልሲ የማጠልቀው ጫፉ ላይ መንጠቆ ባለው እንጨት ነው። ወለል አልነካም። የወደቀ ነገር የሚያነሱልኝ በሽተኞቼ ናቸው፤ እነሱም ይሥቃሉ፣ እኔም እሥቃለሁ። ባል ነበረኝ። ልጅ የለኝም።

137 ጥሩ ነው። በሳምንት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይመኙ። አሁን ሁለት እንጨምራለን። በጀርባዎ ፎጣ ይያዙ፤ ከላይ በግራ፣ ከታች በቀኝ። በግራው ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። ሁለተኛው በመጥረጊያ እንጨት ነው። ክርንዎን ከጎንዎ ሳይለዩ፣ በጤነኛው እጅ እየገፉ የታመመውን ወደ ውጭ ያዙሩት። ክርንዎ እንዳይሸሽ በብብትዎ የተጠቀለለ ፎጣ ይያዙ።

የሚከተለውን ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ለእርስዎ ብዬ ነው፦ ሲያምዎት ያቁሙ። ማንም ሰው እጅዎን እንዲገፋ አይፍቀዱ።

ጥያቄዬን በተለየ ወረቀት ላይ እንደገና ልኬያለሁ። አዳራሹ ደረጃ የለውም፤ ወለሉ ከመንገዱ እኩል ነው። አባቴ ገብቶበት ስለማያውቅ አመነ።


የካቲት 3

ላስቲክ፣

ለዳሌሽ አዝናለሁ። ዘመኑ የብረት ነው፤ ምን ይደረጋል።

ልኬት፦ 140፣ 141፣ 141። አየሽው? በዚህ አካሄድ እጄ ጆሮዬ ጋ የሚደርሰው ለቀብሬ ነው። ስለዚህ ድሮ የምናውቀውን መንገድ ያዝን። ከታች ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ክንዱ የሌላው ሰው ጭን ያህላል። ሁለት ጊዜ ያሰመርሽበትን ሳነብለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ፈርታልዎታለች" አለኝ። "ፈሪማ አልነበረችም፤ ከተማ አበላሽቷት ነው" አልኩት።

ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይመጣል። አግዳሚው ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ፤ ክርኔን ይዞ ወደ ጆሮዬ ይገፋል፤ እኔ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስጮህበት ለቀቀኝ። "ማን ልቀቅ አለህ?" አልኩት። "ጋሼ፣ እኔ የለመድኩት የሞተ ነው፤ የሞተ አይጮህም" አለኝ። በሣቅ ልንሞት ነበር። አሁን ግን ለምዶታል። ይኸው በስድስት ቀን ከ141 ወደ 158! እንቁላል ያዧ ልጅ መጥታ ትይ።

እውነት ለመናገር ማታ ማታ አራት አምስት ሰዓት ይጠዘጥዘኛል። ትናንት ደግሞ ውስጡ ቀጭን እንጨት የተሰበረ ይመስል ቋ አለ። ስለዚህ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይሄ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ ጎረቤቴም አንቺ ያልሽውን ነው የሚሰማው። አንድ ቃል ብቻ ጻፊ፤ እሺ ወይም ተው። ተው ካልሽኝ እተዋለሁ። በአሠልጣኝነቴ ይሁንብኝ።

ስለዚያ ረቡዕ ደግሞ ካልሽኝ፣ እሺ፣ ደረጃ አልነበረም። ግን እውነቱን ከፈለግሽው ራስሽ ነሽ "ይጫኑኝ" ያልሽው። ዋንጫ ፈልገሽ ስድስት ወር ለመንሽኝ። እኔ የልጅ ልመና ሰማሁ እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?

አሠልጣኝሽ


የካቲት 21

ለጋሼ አሠልጣኝ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን መዘውሩ ተበላሽቶብኝ ነበር፤ ደግሞም አንዲት በሽተኛ ጉልበቷን ተቀይራ እንደገና መራመድ እየተማረች ስለሆነ ሙሉ ጠዋቴን ትወስዳለች።

158 ብዙ ነው።

ስለ እንቅልፍዎ፦ በቀኝ ጎንዎ አይተኙ። በጀርባዎ ተኝተው ከክንድዎ ሥር ትንሽ ትራስ ያድርጉ፤ ክርንዎ ከደረትዎ ዝቅ እንዳይል። ጠዋት ሲነሱ አንገትዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ያዙሩ፤ ትከሻ ሲደርቅ አንገትም አብሮ ይደርቃል። የክብረ በዓሉን ልብስ ሲያሰፉ ብብቱ ሰፋ እንዲል ለልብስ ሰፊው ይንገሩ።

የተለየ ወረቀት ዛሬ የለም።

ለጎረቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።


መጋቢት 9

ላስቲክ፣

ይህን የሚጽፈው ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ካስቸገረሽ ይቅርታ፤ እሱ የለመደው ቢላ ነው።

ተው ስላላልሽ ገፋንበት። ሰላምታሽን ስነግረው እንዴት ደስ እንዳለው! "ባለሙያዋ ካወቀችልንማ" ብሎ ከዚያ ወዲህ በሁለት እጁ ሆነ። ባለፈው እሑድ 171 ደረስን። ሰኞ ጠዋት እየገፋኝ፣ አሥራ ስድስት ብዬ አሥራ ሰባት ልል ስል ትከሻዬ ውስጥ ጧ አለ። ጎረቤቴም ሰምቶታል፤ እኔ ደንቆሮው እንኳ ሰምቼዋለሁ።

ምርመራ አደረጉልኝ። ሁለት ጅማት ተበጥሷል፤ አንዱ ከነሥሩ ከአጥንቱ ተነቅሏል። ቀዶ ጥገና ስል ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። በሰባ አንድ ዓመት አጥንቱ ስስ ነው፤ ክር አይዝም አለኝ። በፊት እጄን ከትከሻ በላይ አላነሳም ነበር፤ አሁን ከጭኔ ላይም አላነሳው። በግራ እጄ ይዤ ከቦታ ወደ ቦታ አዛውረዋለሁ፤ እንደ ሰው ዕቃ።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ምን ላድርግ?

አሠልጣኝሽ

እህቴ፣ ይህን ከራሴ ነው የምጨምረው። ጧ ሲል ለቀቅ አድርጌ ነበር፤ እሳቸው ፊታቸው ነጭ ሆኖ "ማን ልቀቅ አለህ? ቀጥል" አሉኝና እስከ ሠላሳ አስቆጠሩኝ። የካቲት ውስጥ ደብዳቤሽን ስንጠብቅ በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን የማየው እኔ ነበርኩ። ተው ብለሽ ቢሆን ኖሮ በጣቴም አልነካቸውም ነበር። ይህን ስጽፍ ምን ትጽፋለህ አሉኝ፤ ሰላምታ አልኳቸው።


መጋቢት 14

ለጋሼ አሠልጣኝ፣

ክንድዎን በማንጠልጠያ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ይሰሩት። ቀን ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ሳያወልቁት አይቆዩ፤ ክርንዎ ይደርቃል። ጣትዎንና የእጅ አንጓዎን በየሰዓቱ ያንቀሳቅሱ። በወንበር ላይ ተደግፈው ይተኙ። ትከሻውን ማንም አይንካው፤ እርስዎም ጭምር።

መጋቢት 21ን በተመለከተ፦ ቢቀሩ ይሻላል። አልቀርም ካሉ ቀኙን ለማንሳት አይሞክሩ፤ ግራውን ብቻ ያንሱ። የሚያውቁዎት ይረዱታል።

እኔ አልመጣም። የጥሪ ካርዱን ለጸሐፊዋ መልሼዋለሁ።

ለጎረቤትዎ፦ ተጨማሪውን አንብቤዋለሁ።


ሚያዝያ 3

ላስቲክ፣

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሎቹ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቢሆኑ አትፍረጂብኝ።

ሄድኩ። ቀሪ ሰው ሆኜ አላውቅም። ግራጫውን ልብስ አለበሱኝ፤ ቀኝ እጄን ከኮቱ ሥር አሰሩት፤ እጅጌው ባዶውን ተንጠለጠለ። መጋረጃው ሲገለጥ ስሜ በትልቁ ግድግዳው ላይ አለ። ቀለሙ ገና ይሸታል። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። ሽበታሞች፣ ቦርጫሞች፣ አንዷ እርጉዝ፣ አንዱ ከነምርኩዙ። ሦስተኛው ሰልፍ ላይ የአንቺን ቦታ ባዶ ትተውልሽ ነበር። እንዳልሽኝ ግራውን አነሳሁ።

እነሱም ግራቸውን አነሱ። ሁለት መቶ ሰው፣ አንድ አንድ እጅ። እኔ ያደረግኩትን ያደርጋሉ፤ እንደዚያ ነው ያሠለጠንኳቸው። ማንም ሁለተኛውን አልጨመረም። እንዲሁ ቆመን ተያየን። ከኋላ አንዱ "ታክሲ!" ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ ሣቁ፤ ከዚያ ሁሉም። ሕፃናቱም ሳይገባቸው ሣቁ። ጸሐፊዋ አፏን በካርዶቹ ሸፈነች። እኔም ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ። እጄን ግን ቶሎ አላወረድኩም፤ ሳላወርድ እነሱም አያወርዱም። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ያኔ አስታወስኩት።

አሁን ስለዚያ ረቡዕ። ያን ጧ የሚል ድምፅ ከትከሻዬ ስሰማ አዲስ አልሆነብኝም። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ደረጃ አልነበረም። ይጫኑኝም አላልሽም። እግርሽ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እኔ ወገብሽ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ "ጋሼ፣ በቃ" አልሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ። ድምፁን ስሰማ አሥራ ሰባት ላይ ነበርኩ። ሌሎቹ ልጆች ያዩኝ ነበር። እስከ ሠላሳ ቀጠልኩ። ስትነሺ እግርሽ አልታዘዝሽ አለ፤ ያኔ ነው "ላስቲክ አይሰበርም" ያልኩሽ። ልጆቹም ሣቁ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል በግራ እጅ መጻፍ ከባድ ነው። ይኸው ግን ጻፍኩት፦ ይቅርታ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። የካቲት ላይ እሺ ወይም ተው በይኝ ያልኩሽን አንብበሽዋል? ወይስ ያ ገጽ መንገድ ላይ ጠፋ? ጎረቤቴ ጠፍቶ ነው ይላል። አሁን ሥጋ የሚቆርጠው ወንድሙ ነው፤ ጎረቤቴ ራሱ ቢላ አልይዝም ብሏል።


ሚያዝያ 16

ለጋሼ አሠልጣኝ፣

አልጠፋም። የካቲት 9 ጠዋት ደረሰኝ። አልጋዎቹ ላይ ንጹሕ አንሶላ እያነጠፍኩ ነበር። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ጅማትዎ ሊበጠስ እንደሆነ ከዚያች ቋ ካለችው ድምፅ ገባኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ይገባዋል። ተው ብዬ ለመጻፍ ወረቀት አወጣሁ፤ ሁለት ፊደል ነው። ከዚያ የገጹን መጨረሻ፣ "ራስሽ ነሽ ይጫኑኝ ያልሽው" የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩና ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ጉልበቷን የተቀየረችው ሴትዮ ገባች። "እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ" አልኳት። እሷ ስትቆጥር እኔ ስለ እርስዎ አስብ ነበር። በማግስቱም ቆጠረች። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በየቀኑ ፖስታ ቤት ለመድረስ ጊዜ ነበረኝ፤ ከጫማ መሸጫው ሁለት በር ያልፋል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለ ትራስ ጻፍኩልዎ።

ስላሰመርኩበትም ይወቁ። ለሌላ በሽተኛ አስምሬ አላውቅም፤ አያስፈልጋቸውም። ለእርስዎ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት የተሰመረበትን እንደሚረግጡት ስለማውቅ ነው። ስድስት ዓመት አሠልጥነውኛል፤ ከሦስት ዓመቴ እስከ ዘጠኝ። ግራውን ያንሱ ስልዎም ሰልፉ ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። እኔም በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ አድጌያለሁ።

በሙያዬ ይህ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አውቃለሁ። የላኩልኝንና የላክሁልዎን ሁሉ ቅጂ ይዣለሁ። ወደሚመለከተው አካል ሊወስዱት ከፈለጉ ይጻፉልኝና እልክልዎታለሁ፤ አልክድም።

ይቅርታዎን አንብቤዋለሁ። ለግራ እጅ ጥሩ ጽሕፈት ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ወረቀት ስለሆነ ሳነበው አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ ዳሌዬን ያመመኝ ግን እንደ ትናንቱ ነው። የጎረቤትዎ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ያይ ነበር ማለቱን አልጠበቅሁትም። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይንገሩት፤ ከፈለጉ ይህን ገጽ ያንብቡለት።

የመጨረሻው የእንቅስቃሴ ወረቀት ከዚህ ጋር ነው፤ ለጣትና ለእጅ አንጓ። እስከ አሥር ይበቃል። ቅጂውን ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር ከዚህ በኋላ አይጻፉልኝ።


ግንቦት 2

ላስቲክ፣

አትጻፍ ብለሻል። ይህቺ አንዲቷን ብቻ።

ገጹን ለጎረቤቴ አነበብኩለት። ሲሰማ ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ፈሪ አይደለችም ለካ" አለኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ወደሚመለከተው ምናምን ያልሽውን ተዪው፤ ልጄን አልከስም።

እኔ ግን አልተናደድኩም። ደብዳቤሽን በግድግዳዬ ላይ 211 ካሰመርኩበት አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን አሠለጠንኩ! ዋንጫ ያመጡ አሉ፤ እጅ የሳሙኝ አሉ። ቋ ሲል ሰምቶ ቆጠራውን ያላቋረጠ ግን ከእኔ ሌላ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ስትሄጂ የከሰርኩ መስሎኝ ነበር እኔ፤ ለካ ሥልጠናሽን ጨርሰሽ ነው የሄድሽው።

ክለቡ የልጆች አሠልጣኝ አጥቶ ሲፈልግ ነበር። ለጸሐፊዋ ስለ አንቺ ጻፍኩላት፤ ፈርሜም ሰጠኋት፤ በግራ። ባለሙያ ናት፣ ወላጆች ያምኗታል፣ ድምፅዋን አታነሳም፣ ትዕግሥቷ ወሰን የለውም አልኩ። አንዱም ውሸት የለበትም። ሰኞ ይጽፉልሻል። እንቢ ልትዪ ትችያለሽ። የሚሉሽን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው ሐሙስ አዳራሹ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ ልጆቹን አየኋቸው። አንዲት አለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። እግሯን ስትዘረጋ ወለሉን ለመንካት አራት ጣት ይቀራታል። ያማታል፤ ያስታውቅባታል፤ ግን አታለቅስም። ዞር ብላ ማን እንደሚያያት ታያለች።

ስሟን አልጠየቅሁም። ስም የምታወጪላት አንቺ ነሽ።

አሠልጣኝሽ